ኩላሊት የሰጠው ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ

በየቁምስናው በምንዘዋወርበት ጊዜ፣ በተለይም የኩላሊት ሕመምተኛ ካለባቸው ቤተሰቦች ዘንድ፣ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልናል። ይኸውም «ኩላሊት መተካት የሚቻል ከሆነ ለምን በከተማችን ሆስፒታል አይደረግልንም? ለምንስ አዲስ አበባ ድረስ እንንከራተታለን?» የሚል ነው። ጥያቄው የፍትሕ ጥያቄ ስለ ሆነ በአጭር ቃል መልሰን ልናልፈው አልወደድንም። ስለዚህ በዚህ ዕትም ስለ ኩላሊት ንቅለ ተከላ፣ ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ጉዳይ ስለምታስተምረው፣ ከሁሉም ይልቅ ግን ከዋና ከተማ ርቀው ስለሚገኙ ሆስፒታሎች ድርሻ ጥቂት እንማማራለን።

ነገሩን ከመነሻው እንጀምር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 1954 በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ፣ ፒተር ቤንት ብሪግሃም በሚባለው ሆስፒታል ዶክተር ጆሴፍ መሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከአንድ ጤነኛ ሰው የተወሰደ ኩላሊት ለታመመ ወንድሙ ተከሉ። ታማሚው ሪቻርድ ሄሪክ፣ ሰጪው ደግሞ ሮናልድ ሄሪክ ይባሉ ነበር። ሁለቱ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች በመሆናቸው የሪቻርድ ሰውነት የወንድሙን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ አልተቃወመውም። ሪቻርድ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ያህል ኖረ፤ በሆስፒታሉ ያስታመመችውንም ነርስ አግብቶ ልጆች ወለደ። ሮናልድ ግን በቀረችው በአንዲት ኩላሊቱ ሃምሳ ስድስት ዓመት ኖሮ፣ በሜይን ግዛት ገበሬና የሒሳብ መምህር ሆኖ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ዐረፈ። ዶክተር መሪም እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማትን ተቀበሉ።

ዶክተሩ በዚያ የሽልማት ንግግራቸው ላይ አንድ ነገር አውስተው ነበር። ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪሞቹና ቤተሰቡ ተሰብስበው ሲመክሩ፣ ሮናልድ ኩላሊቱን ቢሰጥ ሆስፒታሉ ዕድሜ ልኩን ለጤንነቱ ኃላፊነት ይወስድ እንደ ሆነ ጠየቀ። ከእርሱ ኩላሊቱን የሚያወጡት ዶክተር ሃሪሰን ይህ ሊሆን እንደማይችል ነገሩት። ወዲያው ግን፣ እርዳታ የሚያስፈልገው ቀን ቢመጣ በዚያ ክፍል ውስጥ ካሉት ሰዎች አንዱ እንኳ ፊቱን ያዞርበት እንደ ሆነ መልሰው ጠየቁት። ሮናልድም ጥቂት ካሰበ በኋላ፣ የወደፊት ጤንነቱ የሚጠበቀው በሐኪሞቹ የኅሊና ግዴታ እንጂ በተጻፈ ውል እንዳልሆነ ተረዳ።

በእኛ አስተያየት የክልል ሆስፒታሎች ጉዳይ በሙሉ የሚጠቃለለው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። ኩላሊት የሚወሰደው በአንድ ቀን፣ በአንድ የቀዶ ጥገና ክፍል ነው፤ ሰጪው የሚኖረው ግን በገጠሩ፣ በማሳው፣ በሱቁ ውስጥ ነው። በዚያ የሚጠብቀው ማን ነው?

የኩላሊት ሥራና የንቅለ ተከላው ሁኔታ

እያንዳንዷ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሏት። ሁለቱም ኩላሊቶች በአንድ ላይ በቀን ወደ 180 ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ከደም አጣርተው፣ ከዚህ ውስጥ ከሁለት ሊትር የማይበልጠውን በሽንት መልክ አስወግደው የቀረውን ለሰውነት ይመልሳሉ። ይህ ሥራ ሲቋረጥ የታመመው ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ደሙን በመሣሪያ እያጠበ ይኖራል፣ ወይ የሌላ ሰው ኩላሊት ይተከልለታል። እጥበቱ በወጉ ሲደረግ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በአገራችን ከገንዘብ እጥረት የተነሣ ብዙዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሚታጠቡ የታወቀ ነው።

አዲሲቱ ኩላሊት የምትተከለው ብዙ ሰው እንደሚያስበው በጀርባ በኩል ሳይሆን በታችኛው የሆድ ጎን ነው። የታመሙት አሮጌዎቹ ኩላሊቶች አብዛኛውን ጊዜ ባሉበት ይተዋሉ። «ኩላሊት መቀየር» የሚለው የተለመደ አነጋገር እንግዲህ በጣም ትክክል አይደለም፤ የሚደረገው መጨመር ነው። የተቀባዩ ሰውነት ባዕዷን ኩላሊት እንዳይቃወም የሚያደርጉ መድኃኒቶች በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዛታዮፕሪን፣ በ1980ዎቹ ሳይክሎስፖሪን፣ ከዚያም ታክሮሊመስ እየተባሉ በየተራ መጡ። መድኃኒቶቹ ኩላሊቷ እስካለች ድረስ፣ ማለት በየቀኑ፣ የሚወሰዱ ናቸው።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

የሥነ ምግባር ሊቃውንት በመጀመሪያ ነገሩን በቀላሉ አልተቀበሉትም። እግር በበሽታ ሲመረዝ ሰውየውን ለማዳን እንዲቆረጥ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ ትፈቅዳለች፤ የአካል ክፍል የሚኖረው ለመላው አካል ነውና። ሮናልድ ግን አልታመመም። ጤነኛው አካሉ የተቆረጠው ለሌላ ሰው ሲባል ነው። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1956 ለዓይን ሐኪሞች ባደረጉት ንግግር፣ የሰው ልጅ ማኅበር በሙሉ እንደ አንድ አካል ተቆጥሮ ግለሰቡ እንደ አንድ ብልት ሊቆረጥለት ይገባል የሚለውን አስተሳሰብ ተቃውመዋል። ሰው የማኅበረሰብ መለዋወጫ ዕቃ አይደለምና ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነበር።

ሊቃውንቱ መውጫውን ያገኙት በፍቅር ሕግ በኩል ነው። ሰው ስለ ወዳጁ ራሱን አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል፤ ሌላው ግን ሊወስድበት አይችልም። ደግሞም የሰውነት ሙሉነት የሚታየው በአካል ክፍሎች ቁጥር ሳይሆን በሚሰጡት አገልግሎት ነው አሉ። አንዲት ኩላሊት የሁለቱን ሥራ ለመሥራት ትበቃለች፤ ስለዚህ ሰጪው አንዷን ቢሰጥ ሰውነቱ ሥራውን አያጣም። በሕይወት ያለ ሰው አንድ ዓይኑን መስጠት የማይፈቀድለት በዚሁ ምክንያት ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2296 ለሰጪው የሚደርስበት የአካልና የአእምሮ አደጋ ለተቀባዩ ከሚገኘው ጥቅም ጋር ሊመጣጠን እንደሚገባ፣ ያለ ሰጪው ግልጽ ፈቃድም ምንም ሊደረግ እንደማይቻል ያስተምራል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1995 «የሕይወት ወንጌል» በተባለው መልእክታቸው እንዲህ ያለውን ስጦታ በዕለት ተዕለት ኑሮ ከሚታዩ የጀግንነት ሥራዎች መካከል ቆጥረውታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ በሮም ለተሰበሰቡ የንቅለ ተከላ ሊቃውንት ሲናገሩ የአካል ክፍልን መሸጥና መግዛትን በግልጽ አውግዘዋል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት አለብን፤ «ሊመጣጠን ይገባል» የሚለው ቃል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለምና። አደጋው የሚለካው በምን ነው? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተካሄደ ሰፊ ክትትል ኩላሊት ከሰጡ 10,000 ሰዎች መካከል በቀዶ ጥገናው ምክንያት በሦስት ወር ውስጥ የሞቱት ሦስት ያህል ነበሩ፤ ከ2013 ወዲህ ባሉት ዓመታት ደግሞ ቁጥሩ ከአንድ በታች ወርዷል። ይህ በእውነት ትንሽ አደጋ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ የተገኘው ሥራውን በየሳምንቱ ከሚሠሩ እጆች፣ ደም በሚፈስስበት ሰዓት ደም ካለበት ቤት፣ ሌሊት ሲጠራ ከሚመጣ ሐኪም ነው። ይህ ሁሉ በሌለበት ያው ቀዶ ጥገና ሌላ አደጋ ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ሥራ በአንዱ ሆስፒታል የፍቅር ሥራ ሆኖ ሳለ በሌላው ድፍረት ሊሆን ይችላል እንላለን። ቤተሰቡ በሽተኛውን ብቻ ይመለከታል፤ ሐኪሙ ግን ሁለት ሰዎች በፊቱ እንዳሉ፣ ከሁለቱም ጤነኛው በእጁ ሊጎዳ የሚችል መሆኑን መርሳት የለበትም።

አነስተኛ ሆስፒታል ምን ያስፈልገዋል?

ብዙ ሰው የሚመስለው አንድ ብልህ ቀዶ ሐኪም ከተገኘ ሥራው ይሠራል ነው። በእርግጥ ኩላሊት መስፋቱ ከሥራው ሁሉ የከበደው ክፍል አይደለም። ሁለት የቀዶ ጥገና ክፍሎች ጎን ለጎን ሊሠሩ ይገባል። የሰጪው የደም ሥሮች አስቀድመው በራጅ መሣሪያ ይታያሉ፤ የደም ዓይነቱ ብቻ ሳይሆን የሕብረ ሕዋሱም ዓይነት ይመረመራል፤ የሰጪው ሕዋሳት ከተቀባዩ ደም ውሃ ጋር ተቀላቅለው ይጣሉ እንደ ሆነ በላቦራቶሪ ይፈተናል። ከተተከለች በኋላ ኩላሊቷ ወዲያው ሥራ ላትጀምር ስለምትችል የእጥበት መሣሪያ ዝግጁ መሆን አለበት። የታክሮሊመስ መጠን በደም ውስጥ እየተለካ ካልተስተካከለ፣ ቢያንስ ኩላሊቷን ያጠፋል፤ ቢበዛ ይመርዛታል። ከኩላሊቷ ቅንጣት ወስዶ በማጉያ መነጽር የሚመረምር ባለሙያም ያስፈልጋል።

የአሜሪካ መንግሥት ሜዲኬር በተባለው የጤና መድን በኩል እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ደንብ አንድ አዲስ ማዕከል ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ለማግኘት በ12 ወር ውስጥ የተወሰነ ቁጥር ያለው ንቅለ ተከላ ማድረግ እንዳለበት ደነገገ። ቁጥሩ ትልቅ አይደለም፤ አነስተኛ ማዕከልን በአነስተኛነቱ ብቻ አይዘጋም። ያው ደንብ ግን ከተቀባዩ ሐኪሞች ጋር ያልተቀላቀለ፣ የሰጪውን ጥቅም ብቻ የሚጠብቅ አንድ ሰው በየማዕከሉ እንዲኖር ያዝዛል። ይህን ሁለተኛውን ትእዛዝ ከመጀመሪያው አብልጠን እንወደዋለን።

ምክንያቱም በትንሽ ከተማ ምሥጢር አይደበቅም። ሐኪሙ የአክስት ልጅ ነው፤ ነርሷ የጎረቤት ልጅ ናት። ታላቅ ወንድሟ በታመመ ጊዜ ታናሽ እኅት «ደምሽ ገጥሟል» ተብላ ሽማግሌ ሊላክባት፣ እናት ልታለቅስባት ይችላል። እንዲህ ያለው ፈቃድ ፈቃድ ነውን? መልካም ልማድ ያላቸው ማዕከሎች ሰጪውን ለብቻው ያነጋግሩታል፤ ልቡ ካልፈቀደም ምክንያቱን ለቤተሰቡ ሳይገልጹ «ለመስጠት አይመችም» ብለው ብቻ ያሰናብቱታል። ካህናትም ወደ እንዲህ ዓይነት ሽምግልና ሲጠሩ፣ ለተቀባዩ የሚያዝኑትን ያህል ለሰጪው ነጻነት እንዲቆሙ በትሕትና እናሳስባለን። መስጠት የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ አለመስጠት ግን ኃጢአት አይደለም።

ኖርዌይና የእኛው አገር

ኖርዌይ ሕዝቧ ከአምስት ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ፣ ርዝመቷ ግን እጅግ ብዙ የሆነ አገር ናት። በአገሪቱ የአካል ንቅለ ተከላ የሚደረገው በዋና ከተማዋ በኦስሎ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ብቻ ነው። ከኦስሎ በአየር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው የትሮምሰ ነዋሪ ወደዚያው ይሄዳል። ሆኖም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንደ ጨረሰ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚከታተለው በአካባቢው ሆስፒታል ያለው የኩላሊት ሐኪም ነው። ሀብታም አገር እንኳ ቀዶ ጥገናውን በየከተማው አልበተነም፤ ክትትሉን ግን በትኖታል።

በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በመስከረም 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከአሜሪካው ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር ነው። አገልግሎቱ በሕይወት ባሉ የቤተሰብ ሰጪዎች ላይ የተመሠረተ ነው። እጥበት ግን ቀስ በቀስ ወደ ክልል ከተሞችም ደርሷል፤ በመቐለ፣ በጎንደር፣ በባሕር ዳር፣ በጅማ፣ በሐዋሳ ተጀምሯል። መንገዱ እንግዲህ ተከፍቷል።

ሁሉን ነገር በአንድ ከተማ ማከማቸትም የራሱ አደጋ እንዳለው አንክድም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ዘመን በመቐለ ዓይደር ሆስፒታል የእጥበት ዕቃ አልቆ ሕሙማን እንደ ሞቱ ሐኪሞቹ በአደባባይ ተናግረዋል። መንገድ ሲዘጋ፣ ባንክ ሲዘጋ፣ የአዲስ አበባ መድኃኒት ቤት በጨረቃ ላይ እንዳለ ያህል ይርቃል። ስለዚህ የምንለው የክልል ሆስፒታሎች ከነገሩ ይውጡ አይደለም። ቤት በመሠረት እንጂ በጣሪያ አይጀመርም ነው የምንለው። በመጀመሪያ የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን በጊዜ ማከም፣ ቀጥሎ ያልተቋረጠ እጥበት፣ ቀጥሎ ከንቅለ ተከላ የተመለሱትን መከታተልና የመድኃኒት ክምችት መያዝ፤ ይህ ሁሉ ለዓመታት ሳይናጋ ከቆየ በኋላ ስለ ቀዶ ጥገናው ማሰብ ይቻላል። በተቃራኒው ሪባን ተቆርጦ፣ እንግዳ ሐኪሞች መጥተው ሁለት ሦስት ሰው ላይ ተሠርቶ፣ እነርሱ ሲሄዱ የሚዘጋ ክፍል ከመጀመሪያውም ባይከፈት ይሻላል። የተተከለችው ኩላሊት ከእንግዶቹ ጋር አትሄድምና።

የቅርቡ ሐኪም ማወቅ ያለበት

አንድ ምሳሌ እንስጥ። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ወደ ከተማው ከተመለሰ በኋላ ሳል ያዘው፣ ሳምባ ነቀርሳም ተገኘበት እንበል፤ የመከላከል ኃይሉ በመድኃኒት ስለተቀነሰ ይህ የማይጠበቅ ነገር አይደለም። ጤና ጣቢያው እንደ ደንቡ ሪፋምፒሲን ያለበትን መድኃኒት ይጀምርለታል። ሪፋምፒሲን ግን ጉበት ታክሮሊመስን ፈጥኖ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ መጠኑ በደም ውስጥ በጣም ይወርዳል፤ ሰውነቱም ኩላሊቷን መቃወም ይጀምራል። በሌላ በኩል ክላሪትሮማይሲን ወይም ፍሉኮናዞል ቢሰጠው ታክሮሊመስ በደሙ ውስጥ ተከማችቶ ያንኑ ኩላሊት ይመርዛል። ለራስ ምታት ከሱቅ የሚገዛው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ኩላሊት ይጎዳሉ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም እንደ ተማረው አደረገ፤ የእኅት ስጦታ ግን ጠፋ። ይህን የሚከለክለው አንድ የስልክ ጥሪ ነው፦ ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የቅርቡ ሐኪም የንቅለ ተከላውን ማዕከል ቢጠይቅ።

የሚያታልለው ነገር መቃወሙ ሲጀምር ሕመም የሌለው መሆኑ ነው። ሰውየው ደኅና ነኝ እያለ በደሙ ውስጥ ያለው የክሬቲኒን መጠን ይጨምራል። ከዚህም የተነሣ ብዙዎች መድኃኒቱን ለጥቂት ቀን ቢተዉት የሚጎዱ አይመስላቸውም። በጾም ወራት ይህ ፈተና ይበረታል። ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ፣ በተወሰነ ሰዓት የሚወሰድ ነው፤ ውሃ ሳይጠጡ መዋልም ለተተከለች ኩላሊት አይበጅም። ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን በጾም ሕግ አታስገድድም፤ የንስሓ አባቶች ይህን ለሕመምተኛው በግልጽ ቢነግሩት ከሐኪሙ ቃል ይልቅ ይሰማቸዋል። ወደ ጸበል የሚሄድም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ግን፣ በበዓል ቀን እንኳ ቢሆን፣ መተው አለበት። ይህን ስንጽፍ ቁርጥ የሚወዱ አንባብያን እንደሚያዝኑብን እናውቃለን።

ሰጪውንስ ማን ይጠይቃል?

በሠርግም በሐዘንም ቤት የሚጠየቀው ተቀባዩ ነው፤ «እንዴት ነው፣ ተሻለህ?» ይባላል። የሰጪው ጤንነት ግን የሚረሳ ነው፤ ጤነኛ ነውና። የቀረችለት ኩላሊት ቀስ በቀስ ሥራዋን ስለምታሳድግ ከቀድሞው ኃይሉ ሰባ በመቶ ያህሉን ይዞ ይኖራል። ሆኖም የደም ግፊት ቢይዘው፣ ስኳር ቢጀምረው፣ መጠባበቂያ የለውም።

ስለ ሴቶች በተለይ መናገር ይገባል። በካናዳ፣ በኦንታሪዮ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ኩላሊት ከሰጡ በኋላ ካረገዙ ሴቶች መካከል በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት ወይም ከእርሱ ጋር የተያያዘው አደገኛ ሕመም የታየባቸው 11 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልሰጡት ተመሳሳይ ሴቶች 5 በመቶ ነበሩ። አብዛኞቹ በሰላም ወልደዋል። ሆኖም ያቺ ካናዳዊት በየወሩ ትመረመራለች። ለወንድሟ ኩላሊቷን ሰጥታ ወደ ገጠር የተመለሰች፣ ከዚያም ያረገዘች እኅታችን ግን ኩላሊት መስጠቷን አዋላጇ እንኳ ላታውቅ ትችላለች። በቁምስናዎቻችን ክሊኒኮች የሚያገለግሉ እኅቶችና ነርሶች ነፍሰ ጡርን ሲመዘግቡ «ኩላሊት ሰጥተሽ ታውቂያለሽን?» ብለው ቢጠይቁ የሚወስደው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ነው።

ለሰጪው በዓመት አንድ ጊዜ የደም ግፊቱን መለካት፣ ሽንቱ ፕሮቲን እንዳለበት ማየት፣ በደሙ ውስጥ ያለውን ክሬቲኒን መመርመር ይበቃል። ሦስቱም ብዙ ባለሙያ የማይጠይቁ ናቸው። ሰጪው ከአዲስ አበባ ሲመለስ፣ ቀዶ ጥገናው የተደረገበት ቀን፣ የቀረችው ኩላሊት ግራ ወይም ቀኝ መሆኗ፣ በመጨረሻ የተለካው ክሬቲኒንና የማዕከሉ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ጠይቆ ይያዝ፤ አንዱን ቅጂ ለአካባቢው ሆስፒታል፣ አንዱን ለቁምስናው ክሊኒክ ይስጥ፤ ዋናውን በቤቱ ከልጆቹ የክርስትና ወረቀት ጋር ያስቀምጠው።